በብርድ ጠዋት የሚነሳ ሞተር

ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል
ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ አብዱረዛቅ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከራስ ጸጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ አላህ በጤና ይጠብቅልኝ። ለእትዬ ራዚያ፣ ለልጅዎ ለባህሪያ፣ ለቅበት ጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። እኔና ረሒማ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሱቁ ሁለት ወር ተዘግቶ ከርሞ ከጥቂት ሳምንት በፊት ተከፈተ። ብርድ ልብስ ነጋዴ በክረምት መግቢያ ቤት ሲቀመጥ አንጀቱ ያራል፤ ግን ሰው ትንፋሽ አጥቶ በሚተኛበት ዘመን ስለ ብርድ ልብስ ማማረር ነውር ነው ብዬ ዝም ብያለሁ።

ጆሮዎ ስልክ እንቢ ካለ ወዲህ ደብዳቤ መጻፍ እየጣመኝ መጣ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለባህሪያ እልካለሁ፤ እሷ ታሳይዎታለች። እርስዎም እንደ ልማድዎ በሰማያዊ ቢክ ይመልሱልኝ።

ዛሬ የምጽፈው ምክር ፈልጌ ነው። ሞተር ልገዛ አስቤያለሁ። እንደ አገራችን ሞተር እንዳይመስልዎት። ክብደቱ ከሦስት ኩንታል በላይ ነው። ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ መሪው ሰፊ፣ እግርን ወደፊት ዘርግተው ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ የሚነዱት፣ ለሩቅ መንገድ የተሠራ ነው። እዚህ ከሁለት ዓይነት አንዱን መምረጥ አለብኝ። አንደኛው የጃፓን ነው። የአገራችን ልጅ ሙሰብ፣ ከእኔ ሁለት መንገድ ወዲያ ጫማ የሚሸጠው፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሆነውን እየነዳ ነው። ድምፅ ስለሌለው ጓደኞቼ ‘ፍሪጅ’ ይሉታል። ሁለተኛው የአሜሪካ ነው። በጃፓኑ ዋጋ ላይ ግማሹን ያህል መጨመር ይጠይቃል። ግን አጎቴ፣ ሲነሳ ደረት ውስጥ ይገባል። የነዳጅ ጋኑ ጥቁር ነው፤ ፊትዎን ያዩበታል።

ሌላም አለ። እሁድ እሁድ አብረው የሚነዱ ማኅበረተኞች አሉ። መሪያቸው ንታቴ ሙሎይ ይባላሉ፤ ‘ንታቴ’ እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው። ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው። ከአሜሪካኑ በቀር ሌላ ሞተር የያዘ አይቀበሉም። በዚህ አገር አሥራ ስድስት ዓመት ስኖር ከመደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ነው፤ ሰው የሚያውቀኝ በምሸጠው ነው። ከእነሱ ጋር መንገድ መውጣት ፈለግኩ። በሥራዎ አርባ ዓመት ሞተር ሲነዱ፣ ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋልና የትኛውን ይሉኛል?

የእህትዎ ልጅ፣ ሻፊ


ቅበት
ሰኔ 29 ቀን 2012

ለልጄ ሻፊ፤

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ያወጣህ አላህ በሰላም ያስገባህ። እናትህ እንደ እህት አብራኝ ያደገች የአጎቴ ልጅ ነበረችና ደብዳቤህ ሲመጣ የእሷን የእጅ ጽሕፈት ያየሁ እየመሰለኝ ደስ ይለኛል። እኛ ደህና ነን። በሽታው እዚህ እስካሁን በወሬ ነው የሚታወቀው፤ ባህሪያ ግን ጤና ጣቢያ ስለምትሠራ ከደጅ ስትገባ በሳሙና ሳትታጠብ አታቅፈንም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ድምፁን ነገርከኝ፤ ቀለሙን ነገርከኝ፤ ማን ምን እንደሚለው ነገርከኝ። በብርድ ጠዋት በስንተኛው እንደሚነሳ አልነገርከኝም። ሲበላሽ ማን እንደሚፈታው፣ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ አልነገርከኝም። ረሒማ ከኋላ ተቀምጣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ስትሄድ ወገቧ ምን እንደሚል ጠይቀሃታል? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳትቀር።

የአሜሪካኑን እጄ አያውቀውም፤ የማላውቀውን አላማም። ግን የሙሰብ ሞተር አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ስንት ጊዜ እንደቆመ ጠይቀው። ፍሪጅ ዝም ሲል ሥራ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልቤን ከነከነኝ። ምክር የሚጠይቅ ሰው እንዲህ አድርጎ አያወድስም፤ የጨረሰ ሰው ነው። ከተሳሳትኩ አውፍ በለኝ።

አውሮፕላን ሲከፈት ለኔይቱ ሞተር የፍሪሲዮን ካቦ ብትልክልኝ። እዚህ የለም፤ አዲስ አበባም ጠፍቷል።

አጎትህ አብዱረዛቅ


ሮዘተንቪል
ነሐሴ 20 ቀን 2012

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ የበዛ ነው። ልዋሽዎት አልችልም። ምክር ስጠይቅዎ ቀብዱን ከከፈልኩ ዘጠኝ ቀን ሆኖኝ ነበር። የፈለግኩት ምርቃት ነበር፤ ምክር ብዬ ጠየቅኩት።

አሁን ደጄ ቆሟል። መጀመሪያ ቀን ከሱቅ ሳመጣው የሠፈሩ ሰው ሁሉ በር ላይ ወጣ። ካሁን ቀደም ሰላምታዬን የማይመልሱ የፊት ለፊቱ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ መንገድ ተሻግረው መጥተው እጃቸውን ወንበሩ ላይ አደረጉ። ረሒማ በሩ ላይ እጇን አጣምራ አየችውና ‘በእውነት ያምራል፤ አሁን ቤት ውስጥ ማን ይተኛል፣ እሱ ወይስ እኛ?’ አለች። ጋራዥ ስለሌለን ሌሊት ሳሎን ነው የሚያድረው።

ከማኅበሩ ጋር ሁለት እሁድ ወጥቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ሞተር ነው። ንታቴ ሙሎይ ስሜን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። መንገድ ላይ ስንቆም ‘ሻፊ፣ አገራችሁ እንዲህ ያለ መንገድ አለ?’ ብለው ጠየቁኝና ስለ ሙጎ ተራራ ቁልቁለት አጫወትኳቸው። በዚህ አገር ምን እንደምሸጥ ያልጠየቀኝ ሰው ማግኘት እንዴት እንደሚያሳርፍ አይነገርም።

ካቦውን ፈልጌያለሁ። ባለ ሱቁ የሞተሩን ሞዴል ስነግረው ሳቀ። ‘ይሄ ሙዚየም ነው ያለው’ አለኝ። ያም ሆኖ አላቋረጥኩም።

ምርቃትዎን የሚጠብቀው፣ ሻፊ


ቅበት
ጥቅምት 24 ቀን 2013

ልጄ ሻፊ፤ ሰላም ለአንተና ለቤትህ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ አትቀየመኝ፤ እጄ ትንሽ አልመች ብሎኝ ነው። መርቄሃለሁ። ጎማው እሾህ አያግኘው፤ መንገዱ በግ አያውጣብህ።

ካቦውን ተወው፣ ከብስክሌት ካቦ ሠራሁለት። የፍሬን ሸራ ግን ካገኘህ አትርሳኝ። አጠር አደረግኩት። አብዱረዛቅ


ሮዘተንቪል
ጥር 30 ቀን 2013

ለተከበሩ አጎቴ፤

አላህ እድሜዎን ያርዝመው። አዲሱ ዓመት እዚህ በሽታ ይዞ ገባ። ሁለተኛው ዙር ነው ይሉታል። ብዙ ሰው ቀብረናል፤ መቃብር ላይ ከሃምሳ ሰው በላይ ስለማይፈቀድ ተራ ይዘን በአጥር ውጭ ቆመን ዱዓ አድርገናል። እኔና ረሒማ ግን አልታመምንም። በአሌክሳንድራ የሚኖረው ወዳጃችን አብዱልመጂድ ታሞ ተነስቷል፤ አሁን የኦክሲጅን ጠርሙስ ገዝቶ ለታመመ ሁሉ ያውሳል። ሱቁ ደህና ነው። ብርድ ልብሱን በስልክ መሸጥ ጀምረናል፤ ረሒማ ፎቶ ታነሳለች፣ ደንበኛ ይመርጣል። የረሒማ ወንድም ተማም ክሊፕታውን በሚባል ሠፈር ስፓዛ ከፍቷል፤ ከሳሙና እስከ ዳቦ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ነው። ጎረቤቶቹ ወደውታል። በዙሉኛውም ከእኔ በልጧል። ዘንድሮ በልጋችን እንዴት ሊሆን ነው? በርበሬው ዋጋ ወጣለት?

ሻፊ


ቅበት
የካቲት 19 ቀን 2013

ለልጄ ሻፊ፤

አልሐምዱሊላህ፣ ከሞት ተርፋችሁ ደብዳቤ ስለጻፋችሁ። ስለ አብዱልመጂድ የጻፍከው ልቤን ነካኝ፤ አላህ ይካሰው። በርበሬው ደህና ነው።

አሁን ልጠይቅህ። አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈህ ስለ ሞተሩ አንዲት ቃል የለችም። ሚስቱ የኮበለለች ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ይጽፋል። ምን ሆኖ ነው?

አብዱረዛቅ

ሻፊ ወንድሜ፣ ይህን ከሥር የጻፍኩት እኔ ባህሪያ ነኝ። አባባ አያውቅም፤ ወረቀቱን ፎቶ ካነሳሁ በኋላ በስልኬ ነው የጨመርኩት። በጥቅምት የጻፈልህ በግራ እጁ ነው። የዚያች ሞተር ፍሬን ቁልቁለት ላይ አልያዝ ብሎት ወድቆ የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ነበር። ገበያ ውስጥ በእጅ የተቀጠቀጠ ሸራ ነበር የገጠመላት፤ ዋናው ዕቃ ከጠፋ አሥር ዓመት ሆኖታል። አሁን ድኗል፤ አሁንም ይነዳታል። እናቴም እኔም ብንለምነው ‘ሌላ ስሪት ላይ አልወጣም’ ይላል። አንተን ይሰማል።


ሮዘተንቪል
ሰኔ 27 ቀን 2013

ለተከበሩ አጎቴ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። አራት ወር ዝም ብዬ ስለቆየሁ ይቅር ይበሉኝ። የምጽፈው እስኪኖረኝ ሳይሆን፣ ለመጻፍ ድፍረት እስካገኝ ነው የቆየሁት።

ሞተሩ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ቆሞብኛል። ሞተሪኖው ነው፣ ማስነሻው። አንዱ ዕቃ በመርከብ እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ጠበቅኩ፤ በወረርሽኙ መርከቡ ሁሉ ዘግይቷል። ሁለተኛ ጊዜ አልነሳም ያለው አውራ ጎዳና ላይ ለማረፍ ካቆምን በኋላ ነበር፤ ረሒማ ጀበናዋን እንዳቀፈች ሴት የራስ ቁሯን ታቅፋ ሁለት ሰዓት ሣር ላይ ተቀመጠች። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለማኅበሩ ግን ደህና ነው እላለሁ። እነሱም ደህና ነው ይላሉ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ተያይዘን ደህና ነው ስንል ከረምን።

ባለፈው ሐሙስ የሆነውን ልንገርዎ። ሦስተኛው ዙር ጆሃንስበርግን ክፉኛ ይዟታል፤ ሆስፒታሎች ሞልተዋል። ተማም ታሞ ክሊፕታውን ቤቱ ተኝቶ ነበር። ከፈጅር ሶላት በኋላ ሚስቱ ነጂባ ለረሒማ ደወለች። ከጎረቤት ያገኙት ኦክሲጅን የሚሰጥ ማሽን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፣ መብራት ጠፋ። ረፋድ በአራት ሰዓት ተኩል ነው የሚመለሰው አሏት። አምቡላንስ ስትጠራ ጠብቂ አሏት። ‘ከንፈሩ ጠቁሯል’ ስትል ረሒማ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። የዕቃ መኪናችን ከሾፌሩ ጋር ማታውኑ ፖሎኳኔ ሄዷል። ጠርሙሱ ያለው ደግሞ አሌክሳንድራ፣ አብዱልመጂድ ጋ ነው።

ሞተሩን ከሳሎን አወጣሁት። ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ አለ። ደገምኩ። ቀጭ። ብርድ ላይ ላቤ ወረደ። ረሒማ በሩ ላይ ቆማ ‘ሙሰብን ጥራው’ አለችኝ፤ እኔ አሁንም ቁልፉን አዞራለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ‘ሻፊ፣ ሙሰብን ጥራው’ አለች። ለምን እንዳልጠራሁት ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፍሬ ነበር። የሚስቴ ወንድም ትንፋሽ እያጠረው እኔ በፍሪጅ ለመሄድ አፈርኩ።

ሙሰብ በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ መጣ። ያቺ ሞተር ድምፅ ሳታሰማ መጥታ ደጁ ላይ ቆመች። ‘ከኋላ ውጣ’ አለኝ። አሌክሳንድራ ስንደርስ አብዱልመጂድ ጠርሙሱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። እንደ ጨቅላ ሕፃን ታቅፌው ከኋላ ተቀመጥኩ። ከተማዋን አቋርጠን ክሊፕታውን ስንገባ ፀሐይ ገና ቆርቆሮው ላይ እየወጣች ነበር። ነጂባ በሩን በክርኗ ይዛ ከፈተችልን፤ ጭንብሉን ፊቱ ላይ አደረገችለት። ቁጭ ብለን ከንፈሩን አየን። ሙሰብ ደግሞ ባዶ እግሩን መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው፤ ጫማ ነጋዴው ያለ ጫማ መጥቷል። ተማም ዓይኑን ገልጦ ያንን ሲያይ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ እኛ ግን እዚያው አለቀስን።

አሁን ተማም ተሽሎት አጥሚት ሰለቸኝ እያለ ነጂባን ያማርራል።

አጎቴ፣ እርስዎ ልክ ነበሩ። ይህን ካልኩ አንድ ነገር የመናገር መብት ይስጡኝ። ስለ መለዋወጫ ያስተማሩኝ ሰው ከሦስት ደብዳቤ በሁለቱ የጠየቁኝ መለዋወጫ ነው። ሙዚየም ያለ ሞተር ይነዳሉ። መውደቅዎንም አውቄያለሁ። በባህሪያ አይቆጡ። እኔ በስም ፍቅር አንድ ነፍስ ላጣ ነበር፤ እርስዎስ?

ልጅዎ ሻፊ


ቅበት
ሐምሌ 16 ቀን 2013

ለልጄ ሻፊ፤

ለተማም ምሕረትን ላወረደ ጌታ ምስጋና ይድረሰው። ሙሰብን ከእኔ ሳመው። ዒዱን በደስታ ዋልን፤ በግ አረድን።

በባህሪያ ሦስት ቀን ተቆጣሁ፤ በአራተኛው ተውኩት። በአንተም ተቆጥቼ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ።

ወጣት ሳለሁ ለወባ ማጥፊያ ተቀጥሬ ስሠራ ያቺን ሞተር አዲስ ከነፕላስቲኳ ሰጡኝ። ክረምት ላይ የወባ መድኃኒት ይዤ ጎርፍ ስሻገር ውሃ እስከ ወንበሯ ይደርስ ነበር። ካንዴላዋን በሸሚዜ ጠርጌ ስረግጣት ትነሳለች። በአንድ ክረምት አሥራ ሁለት ቀበሌ አዳርሼባታለሁ። በእሷ የደረሰ መድኃኒት ስንቱን ሕፃን እንዳስነሳ የሚያውቅ አላህ ነው። ጡረታ ስወጣ በጨረታ ገዛኋት። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ጥለህ ሌላ ውጣ ሲሉኝ ክህደት መሰለኝ።

ግን አንተ የጻፍከውን ሳነብ ሌላ ነገር ታየኝ። ያመንኩባት ሞተር አሁን የት አለች? ካቦዋ የብስክሌት፣ ፍሬኗ ገበያ ውስጥ የተቀጠቀጠ፣ ወንበሯ የሶፋ ስፖንጅ ነው። ከፋብሪካው የቀረው በጋኑ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው። በስሙ አምኜ ቁልቁለት ወረድኩ።

ይህን ማለቴ ሌላ ሞተር እነዳለሁ ማለቴ አይደለም። ራዚያ ‘በእግርህ ሂድ’ ብላኛለች፤ በእግሬ እየሄድኩ ነው። ጥሩ ነው፤ ሰው ሰላም ለማለት ያመቻል።

አጎትህ አብዱረዛቅ


ሮዘተንቪል
ጥቅምት 14 ቀን 2014

ለተከበሩ አጎቴ፤

የአላህ ሰላም ከቤትዎ አይጥፋ። አሜሪካኑን ሸጥኩት። የገዛው ፕሪቶሪያ ያለ የጥርስ ሐኪም ነው። ሙቅ ጋራዥ አለው፣ ሌሎች ሁለት ሞተሮች አሉት። የቆመበትን ጉድለት ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። ‘አውቃለሁ፣ ለዚያው ነው የምወደው’ አለኝ። እንዲህ ያለም ሰው አለ፤ ያ ሞተር ለእሱ ትክክለኛ ነው። ሲሄድ ድምፁን እስከ መታጠፊያው አዳመጥኩት። ዛሬም ደረቴ ውስጥ ይገባል፤ አልዋሽም።

ጃፓኑን ረሒማ ናት የመረጠችው። እኔን ከደጅ አቁማ ሱቁ ውስጥ በነበሩት በአራቱም ሞተሮች የኋላ ወንበር ላይ እየወጣች ሩብ ሩብ ሰዓት ተቀመጠች። ሻጩ ስለ ጉልበቱ ሲነግራት ‘እሱን ለባሌ ንገረው’ አለችው። የስምንት ዓመት አሮጌ ነው፣ ግራጫ ነው፣ ማንም መንገድ ተሻግሮ አይመጣለትም። በሁሉም ጠዋት ይነሳል።

ለማኅበሩ ነገርኳቸው። ንታቴ ሙሎይ ራሳቸውን ነቀነቁና ‘ደንብ ደንብ ነው’ አሉ። ከሰልፉ ወጣሁ። ግን በሚቀጥለው እሁድ ደወሉልኝ፤ ‘መንገዱ የመንግሥት ነው፤ ከኋላችን ብትነዳ አንከለክልህም’ አሉኝ። ከኋላ ተከተልኳቸው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሳንሄድ የአንዱ ቆመ። ከኋላዬ ጭኜው ጋራዥ አደረስኩት። ባለፈው እሁድ ደግሞ የቆመው የንታቴ ሙሎይ ነበር። ወንበሬ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ከዚያ በጆሮዬ ‘ይህን ለማንም አትንገር’ አሉኝ። ለእርስዎ ነገርኩ፣ ቅበት ሩቅ ነው።

ከሽያጩ ከተረፈው አዲስ አበባ ባለ ወዳጄ በኩል አንድ ሞተር ልኬልዎታለሁ። የህንድ ነው። መለዋወጫው ቡታጅራም ወራቤም እንደ ስኳር በየሱቁ አለ። አይቆጡኝ። ካልነዱት ይሽጡት፤ ግን ከማየትዎ በፊት አይሽጡት።

ሻፊ


ቅበት
ታኅሣሥ 3 ቀን 2014

ለልጄ ሻፊ፤

አላህ የልብህን ይሙላልህ። ሞተሩ በአይሱዙ ላይ ተጭኖ ደረሰ። አመሰገንኩ፣ ሸራ አለበስኩትና አሥራ አንድ ቀን አልነካሁትም። ጎረቤት ሊያይ ሲመጣ ‘የሻፊ ዕቃ ነው’ እያልኩ መለስኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ሸራው መሬት ላይ ነው፤ ሞተሩ የለም። ሌባ ብዬ ልጮህ ስል ራዚያ ዱቄት ከመንፋቷ ቀና ሳትል ‘ባህሪያ ናት’ አለችኝ። ለካ የኮሮና ክትባት የያዘውን ሳጥን እየተሸከመች ሙጎ ሥር ድረስ በእግሯ ትሄድ ኖሯል። አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። የቤቴን ልጅ ደክማ ስትገባ እያየሁ የማስበው ስለ ፍሬን ሸራ ነበር። የት ተማረችው ስላት፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ዓለምወርቅ የምትባል ጓደኛዋ ካስተማረቻት ዓመት ሆኗታል አለች።

ማታ ስትመለስ ልገሥጻት በር ላይ ቆምኩ። አቧራ በአቧራ ሆና ስትወርድ አየኋትና ተውኩት። ‘ማርሽ ስትቀይሪ ያንቺ እግር ይዘገያል’ አልኳት። በማግስቱ ሜዳ ላይ ወስጄ አሳየኋት። ለማሳየት መውጣት ነበረብኝ፤ ወጣሁ። መጥፎ አይደለም። ከዚህ የበለጠ አታስብለኝ።

ትናንት አዛውንቶች ክትባቱን ፈርተው ተደብቀዋል ብላ ‘አባባ፣ አንተ ከተናገርክ ይሰማሉ’ ብላ ለመነችኝ። ከእሷ ኋላ ተቀምጬ ሄድኩ። በዕድሜዬ ከማንም ሰው ኋላ ተቀምጬ አላውቅም። ሳጥኑን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ቁልቁለቱን ስትወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ቢስሚላህ አልኩ። በደንብ ነው የምትይዘው። ሠላሳ አራት ሰው ተከተበ፤ እኔ ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ክንዴን ሰጠሁ።

ስንወጣ አንዲት አሮጊት ሞተሩን በምርኩዛቸው ነካ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ድምፃቸውን ባልሰማም ከከንፈራቸው ገባኝ፤ ‘ይሄ የማን ነው?’ ነው የሚሉት። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ይህን ሲጠይቀኝ የፋብሪካውን ስም ነበር የምጠራው።

‘የልጄ ነው’ አልኳቸው።

ሰላም ሁኑ፤ መንገዳችሁን አላህ ያቅናው።

አጎትህ አብዱረዛቅ